አባ ኮዳና የሚያድገው ተራራ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» ያላችሁ ተቀመጡ፤ ያላላችሁም እንደ ቆማችሁ ስሙ።

ድሮ፣ አየር ጤና ገና የከብት መዋያ ሳለ፣ እመይቴ ሸገር የምትባል ባለጸጋ ነበረች። ቤቷ ከእንጦጦ ሥር ይጀምርና ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በየዓመቱም አንድ ክፍል ትቀጥልበታለች። ስትበላ ትውላለች፣ ስትጥል ታድራለች። አንድ ቀን ጓዳዋ ቢሞላባት ሎሌዎቿን ጠርታ፣ «ይህን ጥራጊ ወደ ደቡብ ምዕራብ ውሰዱና ረጲ ላይ ድፉልኝ፤ ለጊዜው ነው» አለቻቸው።

ረጲ ባዶ አልነበረም። ውሻ ነበረ፤ አይጥ ነበረች፤ ሣር የሚግጥ አህያ ነበረ፤ ጉንዳንም ከነሠራዊቷ ነበረች። አንዳቸውንም የጠየቀ የለም። (የጠየቀ ቢኖር ተረቱ እዚሁ ያልቅ ነበር።) «ለጊዜው» የተባለውም ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ውሻ ጮኸ፤ አህያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ውሻ ሥጋ የቀረበት አጥንት አገኘ። አይጥ የዳቦ ቅርፊት አገኘች። ከምናለሽ ተራ የመጣ አንድ ጃርት ደግሞ የተጣመመ ብረት አንሥቶ አገላበጠና፣ «እንዲህ ያለውን ለሚያመጣልኝ እከፍላለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጲ ማዕድን ሆነ። ወሬው እንደ ወርቅ ወሬ ሮጠ። በቄራ በኩል አባ ኮዳ ከነቤተሰቡ መጣ፤ ራሰ በራ፣ እግረ ረጅም፣ ኮዳውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲቆም የሸንጎ ሽማግሌ የሚመስል ወፍ ነው። ከገጠርም ከዘነበወርቅም፣ መጠጊያ ያጣ ሁሉ ወደዚያው አቀና።

ይህ ማዕድን ግን ከሌላው ይለያል። ሌላ ማዕድን ሲቆፈር እያነሰ ይሄዳል፤ የረጲው እየተቆፈረ ያድጋል። ዛሬ የለቀሙትን ነገ ጠዋት መኪና ተክቶት ይገኛል። ሜዳው ኮረብታ፣ ኮረብታው ተራራ ሆነና ወደ 36 ሄክታር መሬት ሸፈነ። ኋላ ቀለበት መንገድ በጎኑ ሲያልፍ፣ መንገደኛው እዚያ ሲደርስ የመኪናውን መስኮት መዝጋት ጀመረ። የተራራው ልጆችም የሚዘጋውን መስኮት እየቆጠሩ ይጫወቱ ነበር።

ተራራው ላይ ሥራ የሚጀመረው በጆሮ ነው። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ውሻ ከሞተሩ ድምፅ ጭነቱን ያውቃል። ከሆቴል ከሆነ ቡሌ፣ የተራረፈ ምግብ አለው፤ ከግንባታ ቦታ ከሆነ ሚስማርና የብረት ቁራጭ፤ ከመኖሪያ ሰፈር ከሆነ ሃይላንድና ያረጀ ጫማ። ማን የትኛውን መኪና እንደሚጠብቅ፣ ማን የመልቀሚያ መንጠቆውን ቀድሞ እንደሚሰድ ሕግ አለ። ሥጋው የአባ ኮዳ፣ አጥንቱ የውሻ፣ ፍርፋሪው የአይጥ ነው፤ ብረቱን አህያ ተሸክሞ ለጃርት ያደርሰዋል። ጉንዳን ከሁሉ በኋላ ትመጣለች፣ ከሁሉም በታች ትገባለች። ሕጉን የጻፈው የለም፤ የጣሰውን ግን እድር ይቀጣዋል።

አዎ፣ እድር አላቸው፤ ዳኛው አባ ኮዳ ነው። እቁብም አላቸው፤ ጸሐፊዋ አይጥ ነች። ከተራራው ጥግ ላስቲክና ቆርቆሮ አጋጥመው ጎጆ ቀለሱ፤ ልጅ ወለዱ፤ ልጅ ዳሩ። እንግዲህ «ዕቅድ የማያውቁ» እየተባሉ በየጥናቱ የሚጻፍባቸው እነዚህ ናቸው። የቀብር ገንዘብ ከነድንኳኑ ያዘጋጀ፣ የእቁቡ ዕጣ በስንተኛው ሳምንት እንደሚደርሰው በቃሉ የሚያውቅ ሰፈር ዕቅድ አያውቅም ማለት ነውር ይመስለኛል። ያላቀዱት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእያንዳንዳቸው ሞት መዋጮ ነበራቸው፤ ለተራራው ሞት ግን አላዋጡም።

ተራራው መታመሙን ቀድማ ያወቀችው ጉንዳን ነች። አንድ እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች።

«አባቴ፣ እናንተ የምታዩት ቆዳውን ነው፤ እኔ የምሄደው ውስጥ ለውስጥ ነው። ሆዱ ይግላል። ጎኑ ተሰንጥቋል። የገባው ዝናብ መውጫ አላገኘም። ይህ ተራራ ታሟል።»

አባ ኮዳ አንድ እግሩን አጥፎ ብዙ አሰበ። «እትዬ ጉንዳን፣ ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ታሟል። ግን ታሟል ብለን ለማን እንንገር? እመይቴ ሸገር ከሰማች ተራራውን ታነሣዋለች። እኛን የምታነሣን ይመስልሻል?»

ውሻ በጭንቅላቱ አዎንታ ሰጠ። አይጥ ቃለ ጉባኤው ላይ ምንም አልጻፈችም።

አባ ኮዳን ፈሪ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ አልልም። ሒሳብ ነው የሠራው። ሌላ እንጀራ ባልተዘጋጀበት ቦታ አደጋን መናገር በገዛ አፍ ከሥራ መሰናበት ነው። የማዕድን ከተማ የተባለ ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ ሳሉን ከአለቃው የሚደብቀው ቆፋሪም፣ ጉድጓዱ ሊያልቅ መሆኑን እያወቀ ሱቁን የሚያሰፋው ነጋዴም ያውቀዋል። ጥፋቱ «ከዚህ ስትነሡ እዚህ ትደርሳላችሁ» ብሎ ቀድሞ ያልተናገረው ዘንድ ነው።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ቀበሮ መጣ። ከእመይቴ ሸገር የተላከ ባለሙያ ነው፤ ቦርሳ አንግቷል፤ ሕጉንም ጠንቅቆ ያውቃል። ድንኳን ተተከለ፤ የታሸገ ውኃ ተደረደረ፤ ውሾቹም ስብሰባው ሳይጀመር ባዶ የሚሆነውን ጠርሙስ ቆጥረው ተከፋፈሉ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ዜጎች በሚነካቸው የልማት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ እንደሚገባ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 መደንገጉን፣ አንቀጽ 92ም በአካባቢ ጉዳይ ይህንኑ ማጽናቱን፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሕዝብ አስተያየት እንዲካተት ማዘዙን አብራራ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመረም። ሕጉ እንዲህ ያማረ መሆኑን ረጲ ላይ የሚያውቅ ስላልነበረ አጨበጨቡለት።

ከዚያ አጀንዳው ተነበበ። አንደኛ የመክፈቻ ንግግር። ሁለተኛ የአጥሩ ቀለም። ሦስተኛ ልዩ ልዩ።

«አጥሩን አረንጓዴ እናድርገው ወይስ ሰማያዊ?» አለ ቀበሮ።

ክርክሩ ጦፈ። አይጥ አረንጓዴ አለች፤ ውሻ ሰማያዊ። ጉንዳን እጇን አነሣች፤ «ልዩ ልዩ ላይ» ተባለች። ቆይታ ደግማ አነሣች፤ «እትዬ፣ ልዩ ልዩ ላይ ይደርስሻል» ተባለች። ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ ምሳ ደረሰ። የመፈረሚያው ወረቀት ዞረ፤ የፈረመ አበል ተቀበለ፤ ቀበሮም ማታ ቤቱ ገብቶ «ኅብረተሰቡ በፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የመገኘት ፊርማ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ሲደርስ የመስማማት ፊርማ ሆነ።

እመይቴ ሸገር ግን ውላ አድራ የተራራው ነገር አላስተኛት አለ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሰንዳፋ ላይ ሌላ ቦታ መረጠች። እዚያ የሚኖሩት በሬዎች ናቸው፤ አርሰው የሚያበሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ። መኪኖቹ መጡ። ሽታው መጣ፤ የውኃው ነገር አሳሰባቸው። በሬዎቹ ከመንገዱ መሐል ተኙና አንነሣም አሉ።

ይህን እንኳ ተረት ማድረግ አያስፈልግም ነበር። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ የተደገፈው የሰንዳፋ የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ያ ዓመት ሳያልቅ ተዘጋ። መኪኖቹም ዞረው ወደ ረጲ፣ ሰው ቆሼ ወደሚለው ወደዚያው ተራራ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። በሬዎቹ አልተሳሳቱም። መሬታቸው ነው፤ አልተመከሩበትም፤ አንቀበልም አሉ። ነገር ግን እነሱ ያልተቀበሉት ሸክም አየር ላይ አልቀረም፤ ጉንዳን ታሟል ባለችው ጎን ላይ ተደፋ። የሰንዳፋ በሬና የረጲ ጉንዳን አንድም ቀን አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ ያውም ነገሩ ካለቀ በኋላ ተነገረው። ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ በሬው «እምቢ ስል ወዴት እንደሚሄድ አላወቅሁም» ይል ነበር፤ ጉንዳንም «የት እንደሚሄድ ሳይሆን እንዴት እንደሚሄድ እንነጋገር» ትል ነበር ብዬ አስባለሁ። በመጥፎና በባሰው መካከል የምታስመርጥ ባለጸጋ ሁለቱ ጎረቤቶች እንዲገናኙ አትወድም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በእንስሳት አፍ አልናገረውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ ተራራ አንድ ጎኑ ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቤተሰብ እንዳለ ያለቀበት ቤት ነበረ። አገሪቱ ለሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ውሻና አይጥን ሰው አስመስሎ ማናገር ይቻላል፤ በእነሱ ስም ሰው መቅበር ግን አልችልም።

ወደ ተረታችን እንመለስ፤ እንስሳቱም እንደ እኛው ቀብረው፣ አልቅሰው፣ የእድሩን ድንኳን አጥፈው ሥራ ገብተዋልና።

በማግስቱ ዓመት፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ረጲ ላይ ብረት ለበስ እንግዳ ተመረቀ። ጭስ ማውጫው ከሩቅ ይታያል። በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ በልቶ መብራት ይተፋል፣ በአፍሪካም የመጀመሪያው ነው ተባለ። (ስንት ቀን ጠግቦ ስንት ቀን እንደ ጾመ ለሌላ ተረት እናቆየው።) እመይቴ ሸገር ደስ አላት። ውሻ ግን አልተኛም። «ይኼ ሁሉን ከበላ እኛ ምን እንበላለን?» አለ። ማዕድን ቆፋሪ ማሽን ሲመጣበት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መላሽ አላገኘም።

በቀጣዩ በጋ የአባ ኮዳ የአክስቱ ልጅ ሽመላ ከሰሜን መጣች። እሷ ክረምቷን እዚያ፣ በጋዋን እዚህ የምታሳልፍ፣ አገር ያየች ወፍ ነች።

«ወንድም ጋሼ፣ ስለ ሐዘንህ ሰማሁ» አለችው። ቡና ተፈላ። ከዚያ መንገዷን ማውራት ጀመረች።

«ቀድሜ ወደ ጉጂ ወርጄ ነበር፤ ሻኪሶ። የእናንተ ያድጋል፤ የእነሱ ይጎደጉዳል። ለገደምቢ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ወርቅ ወጣ። ፈቃዱ ሲያልቅ እንደገና ታደሰ፤ ያን ጊዜ አገሩ ተነሣ። ከብታችን አለቀ፣ ልጆቻችን ታመው ተወለዱ፣ ከጉድጓዱ የሚወርደው ኬሚካል ነው አሉ። በግንቦት 2010 ሚኒስቴሩ ፈቃዱን አገደው።»

«የመጀመሪያው ፈቃድ ሲሰጥ ጠይቀዋቸው ነበር?» አለች ጉንዳን።

«በእድሳቱ ማግስት አገር ሙሉ አደባባይ የወጣው ቀድሞ ተጠይቆ ነው?» አለች ሽመላ።

አባ ኮዳ ተነፈሰ። «እንግዲያው የትም አንድ ነው።»

«የትም አይደለም። እኔ በክረምት የምውልበት አገር፣ በጀርመን ሩር የሚባል አለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ድንጋይ ከሰል የወጣበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 መንግሥቱ፣ ኩባንያውና የሠራተኛው ማኅበር ተቀምጠው ቀን ቆረጡ፤ በ2018 ይዘጋል አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሮጌው ጡረታ ወጣ፣ ወጣቱ ሌላ ሥራ ለመደ። ቀኑ ሲደርስ፣ በእነሱ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21፣ ቦትሮፕ ላይ የመጨረሻዋን የከሰል ድንጋይ አውጥተው ለርእሰ ብሔሩ ሰጡ። አለቀሱ፤ አይቻቸዋለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ በዚያ ሰዓት እኔ እዚህ ነበርኩ፤ ወሬው ነው የደረሰኝ። መሬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚጠራቀመውን ውኃ ለዘለዓለም መቅዳት አለባቸው፤ ካልቀዱ ብዙ ሰፈር ሐይቅ ይሆናል። ለእሱም ገንዘብ የሚይዝ ድርጅት በዚያው በ2007 አቋቁመዋል።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። «ለዘለዓለም» የሚለውን ቃል አይጥ ጽፋ አሠመረችበት።

«እነሱ ሀብታሞች ናቸው» አለ አባ ኮዳ።

«ናቸው። ሥራ ማስለመድ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ውኃ መቅዳትም ይጠይቃል። ቀን መቁረጥስ ስንት ያስከፍላል?»

አባ ኮዳ አልመለሰላትም። እኔም ብሆን ቶሎ አልመልስላትም፤ እኛ አገር ቀን መቁረጥ ርካሽ ነው ብሎ የሚያስብ ሰርግ ደግሶ የማያውቅ ነው። ቀን ከተቆረጠ ቃል ተሰጠ ማለት ነው፤ ቃል ከተሰጠ ጠያቂ አለ። እመይቴ ሸገር ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ቀን ከመስጠት የምትሸሸው ለዚህ ይመስለኛል። «ለጊዜው» ምቹ ቃል ነው፤ ማንም ተነሥቶ «ጊዜው ደርሷል» ሊላት አይችልም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አቶ ቀበሮ ቦርሳውን አንግቶ ተመለሰ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ውኃው ተደረደረ። አንቀጽ 43ን ሊጀምር ሲል አባ ኮዳ ክንፉን አነሣ።

«ልጄ፣ አንቀጹን ባለፈው ሰምተነዋል፤ ጥሩ አንቀጽ ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ እንጀምር።»

«አባቴ፣ ልዩ ልዩ መጨረሻ ላይ ነው።»

«ለዚያ ነው በእሱ የምንጀምረው።»

ቀበሮ ሰዓቱን አየ። ጉንዳን ተነሣች። «ተራራው መቼ እንደሚዘጋ ቀኑ ይነገረን። ብረት ለበሱም መቼ እንደሚያረጅ ይነገረን፤ ያረጃልና። በመካከሉ ያለው ዓመት የእኛ ነው፤ ምን እንደምንሠራበት እንነጋገራለን። ለቃሚ ሁሉ በስሙ ይመዝገብ፤ ጎጆ የሌለውም ይመዝገብ።»

እስከዚያች ቀን በስብሰባ ቃል ተናግሮ የማያውቀው አህያም ተነሣ። «እኔ ሁለቱንም መንገድ ተሸክሜበታለሁ» አለ። «የሰንዳፋ በሬዎች ይጠሩ።»

«እነሱ ከእኛ ክፍለ ከተማ ውጭ ናቸው!» አለ ቀበሮ።

«መኪናው ግን ሲመላለስ ነበር» አለ አህያ።

ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። ውሻ ልጆቹ እስኪያድጉ ቀኑ 15 ዓመት ይራዘም አለ። ጎጆዋ ከስንጥቁ አጠገብ የሆነው አይጥ ከሁለት ክረምት በላይ አላድርም አለች። ጃርት ከምናለሽ ተራ ድረስ መጥቶ ያለ ብረት ገበያው ይወድቃል ብሎ ጮኸ። ጉንዳን የጎኑን መሰንጠቅ እንደገና አስረዳች፤ ውሻ «ያኔ ዝም ብለን አሁን ምን ያስቸኩለናል» አላት፤ ተቆጣችው። ሽማግሌ መሐል ገባ። ማንም ስለ አጥሩ ቀለም አላነሣም። የመፈረሚያው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ባዶውን ቀበሮ ፊት ተመለሰ።

«ምሳ ይቀዘቅዛል» አለ ቀበሮ።

«ይቅረብ፤ እየበላን እንጨቃጨቃለን» አለ አባ ኮዳ።

«እሺ፣ እኔ ለእመይቴ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጉንዳን እስክሪብቶውን አስጠጋችለት። «አልተስማሙም ብለህ ጻፍ። ቀኑ ሁለት ክረምት ይሁን 15 ዓመት ገና እየተከራከሩ ነው በል። በሬዎቹ ደግሞ ለቅዳሜ ተጠርተዋል፤ እሷም ብትመጣ ወንበር አለ።»